አቀንጭራና ጠባቂው፤ «ኤግዛፓንክስ» በተባለው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ላይ የቀረበ ሂስ

የራያ ቆላ ገበሬ ሰብሉን ከሁለት ዓይነት ጠላት ይጠብቃል። አንደኛው ከሰማይ የሚወርደው ነው። ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ በክፉ ዘመን ደግሞ አንበጣ ይከተላል። ይህን ጠላት ዓይን ያየዋል፤ ጆሮም ይሰማዋል። ስለዚህ በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ይወጡበታል፤ ከንጋት እስከ ምሽትም ሲጮኹ ይውላሉ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ በቆቦና በአላማጣ ሜዳ ላይ በወረደ ጊዜ ሽማግሌው፣ ሴቱና ሕፃኑ ሳይቀር በጩኸት ሊያባርረው ወደ ማሳው ወጥቷል።

ሁለተኛው ጠላት ከሥር ይነሣል። ስሙ አቀንጭራ ነው። ዘሩ ከአፈር ለመለየት የሚያስቸግር ደቃቅ ነው፤ አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ሥር በአቅራቢያው ሲያልፍ ነው። ነቅቶም ከሥሩ ጋር ይጋጠማል፤ ውኃውንና ምግቡን ይጠባል። ያ የሚያምር ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ማሽላው ከተጎዳ ቆይቷል። በዚህ ጠላት ላይ ማማ ምን ይፈይዳል? ወንጭፉስ ወዴት ይወነጨፋል?

እነዚህን ሁለት ጠላቶች ለይቶ ማወቅ ለገበሬው የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ለኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ የእውነት ጉዳይ ነው። ስለ ጠላትና ስለ ጠባቂ የሚናገር ማንኛውም የጥበብ ሥራ፣ የሚናገረው ስለ የትኛው ጠላት እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ሥራ ተውኔት ወይም ልብ ወለድ አይደለም፤ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። «ኤግዛፓንክስ» ይባላል። ዛክትሮኒክስ የተባለው አነስተኛ የአሜሪካ ድርጅት በዛክ ባርዝ መሪነት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለተጫዋች አቅርቦታል። ጉዳዩም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ራሳቸውን የሚያባዙ ፕሮግራሞችና ሰውን የሚበላ ደዌ ነው።

«የኮምፒዩተር ጨዋታ በኪነ ጥበብ መጽሔት ምን ቦታ አለው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። በአማርኛ የሚያድግ ልጅ ግጥም ከማጥናቱ በፊት እንቆቅልሽ ያውቃል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀርባል፤ መልሱ ሲጠፋው አገር ይሰጣል፤ አገር የተቀበለውም በተሸናፊው እየተሳለቀ ይፈታዋል። በዚህች ትንሽ ልማድ ውስጥ ዘይቤ አለ፤ ሕግ አለ፤ የሽንፈት ዋጋ አለ፤ የሚሰማና የሚፈርድ ጉባኤም አለ። ገበጣም በበኩሉ በጥቂት ጉድጓዶችና በጥቂት ጠጠሮች የመዝራትን፣ የመሰብሰብንና የመዘረፍን ሕይወት ያሳያል። ጨዋታ የጥበብ ወገን መሆኑን ሕዝቡ ጥንትም ያውቀው ነበር። አዲስ የሆነው መሣሪያው ነው።

የጠላትና የጠባቂ ታሪክ በማሽን ውስጥ

ፕሮግራምን ከፕሮግራም ማዋጋት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ቪክተር ቪሶትስኪ፣ ዳግላስ ማኪልሮይና ሮበርት ሞሪስ «ዳርዊን» የተሰኘ ጨዋታ ፈጠሩ። የተጫዋቾቹ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒዩተር ትውስታ ውስጥ እየተባዙ አንዱ ሌላውን ለማጥፋት ይፎካከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ቦብ ቶማስ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚሻገር «ክሪፐር» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ ሬይ ቶምሊንሰንም ክሪፐርን እያሳደደ የሚያጠፋውን «ሪፐር» አዘጋጀ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አሳዳጁ ተሳዳጁን ለመያዝ በተሳዳጁ መንገድ መሄድ ነበረበት። ጠባቂው ጠላቱን ለመድረስ ጠላቱን መሰለ።

ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጥናት ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች እየገባ ራሱን የሚያባዛውን ፕሮግራም «ቫይረስ» አለው፤ ማንኛውንም ቫይረስ ያለ አንዳች ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችልም በሒሳብ አስረዳ። በዚያው ዓመት ኤ. ኬ. ዱድኒ «ኮር ዋር» የተሰኘውን ጨዋታ በ«ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት አስተዋወቀ። ከዚህ ጨዋታ ተዋጊዎች አንዱ የሆነው «ኢምፕ» የአንድ መሥመር ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ሥራውም ራሱን ወደሚቀጥለው ሥፍራ መገልበጥ ነው። ኢምፕ አይጠላም፤ አይወድም፤ አያስብም። ከመገልበጥ በቀር የሚያውቀው የለም። አቀንጭራን የሚያውቅ ሰው ኢምፕን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፒዩተር ቫይረስ የተሠሩ አያሌ ጨዋታዎች ይህን ትምህርት ወደ ጎን ትተው ማማው ላይ ወጥተዋል። ቫይረሱን ቀንድና ጥርስ ያለው ፍጡር አድርገው ይሥሉታል፤ ለተጫዋቹ ጠብመንጃ ይሰጡታል፤ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ተኩሶ እንዲጥል ያዝዙታል። ይህ አንበጣ ማባረር ነው። ለአንበጣ ትክክል ነው፤ ለቫይረስ ግን ውሸት ነው። ምክንያቱም ቫይረስ የሚገባው በሩን ሰብሮ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ ሲከፍትለት ነው።

የ«ኤግዛፓንክስ» ይዘት

የጨዋታው ታሪክ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ነገር ግን ይህ 1997 ደራሲዎቹ የፈጠሩት ሌላ 1997 ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በቀድሞ ዘመኑ የኮምፒዩተር ጠላፊ ነበር፤ አሁን «ፌጅ» በሚሉት ደዌ ተይዟል። ደዌው የሰውን ሥጋ ቀስ በቀስ ወደ ማሽን ይለውጠዋል። መድኃኒቱ ለአንድ ቀን 700 ዶላር ይጠይቃል፤ ሕመምተኛው ደግሞ ገንዘብ የለውም። በዚህ ጊዜ ኤምበር-2 የምትባል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትቀርበዋለች። የውላቸው ቃል አጭር ነው። እሱ የምታዘውን ይጠልፋል፤ እሷ መድኃኒቱን ታቀርብለታለች።

ከዚያም ሥራው ይጀመራል። አንድ ጊዜ ፒሳ ያለ ክፍያ ማስላክ ነው፤ ሌላ ጊዜ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ማስተፋት ነው። በመካከሉ ግን ተራው የሕመምተኛው የገዛ አካሉ ይሆናል። ግራ ክንዱና ልቡ እንደ ባንኩ ሁሉ የሚገባባቸው መረቦች ሆነው ይጠብቁታል። ተጫዋቹ ትናንት ሰው ለመስረቅ የላከውን ዓይነት ፕሮግራም ዛሬ ወደ ልቡ ይልካል፤ ልቡም እንዲመታ ያደርጋል። ይህ የጨዋታው ከፍተኛ ሥፍራ ነው። ስርቆቱም ፈውሱም የሚሠራው በአንድ እጅና በአንድ መሣሪያ መሆኑን ማንም ሳይሰብከው ተጫዋቹ ራሱ ይደርስበታል።

ኤምበር-2 የተሣለችበትም መንገድ ሊደነቅ ይገባዋል። እንደ ብዙዎቹ የዚህ ወገን ድርሰቶች ወይ መልአክ ወይ ሰይጣን አልተደረገችም። በየሥራው መካከል ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ትጠይቃለች፤ ትሰማለች። መድኃኒት የምትሰጠው ከርኅራኄ ይሁን ከጥቅም ተመልካቹ ለመወሰን ይቸገራል። መቸገሩም ተገቢ ነው።

ቅርጹ

የሥራው ብርታት ይበልጥ የሚታየው በቅርጹ ነው። የተጫዋቹ ወታደሮች «ኤግዛ» የሚባሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። እያንዳንዱ ኤግዛ ቁጥር የሚይዝባቸው ሁለት ኪሶች ብቻ አሉት፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰነድ በላይ መሸከም አይችልም። የሚያውቃቸው ትእዛዞችም ጥቂቶች ናቸው፤ ሂድ፣ ያዝ፣ ደምር፣ ተባዛ፣ ግደል፣ አቁም የመሰሉ። የሚገባባቸው ክፍሎች ጠባቦች ናቸው፤ ከልኩ በላይ የተባዛ ሠራዊት መቆሚያ ያጣል። ብዙውን ጊዜም ሥራው ሲያልቅ በመረቡ ውስጥ ኮቴ እንኳ መቅረት የለበትም። ስለዚህ ተጫዋቹ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ በጻፈ ቁጥር «አቁም» የሚለውንም ማሰብ ይኖርበታል። የላከውን መመለስ ወይም ማጥፋት ያልቻለ አልፈታም።

ቅርጽና ይዘት ተዋሕደዋል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ኢምፕ መገልበጥ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ኤግዛ ማቆምን ተምሯል። ጠባቂን ከጥገኛ የሚለየው መሣሪያው ወይም ጉልበቱ አለመሆኑን፣ የሚለየው ለማን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያቆም መሆኑን የጨዋታው ሕግ ራሱ ይናገራል። አንድ ጸሐፊ ይህን በሃምሳ ገጽ ድርሰት ቢያስረዳ አንባቢው ይስማማ ይሆናል። ተጫዋቹ ግን ባልቆመ ኤግዛ ምክንያት የሁለት ሰዓት ድካሙ ሲበላሽበት በገዛ እጁ ያገኘዋል።

ሌላም የሚመሰገን ነገር አለ። የጨዋታው መመሪያ የተሰጠው በደረቅ ማስታወቂያ ሳይሆን በሁለት እትም የጠላፊዎች መጽሔት መልክ ነው። ተጫዋቹ መጽሔቱን ሳያነብ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። ማንበብ ከጨዋታ ጋር ጠላት በሆነበት ዘመን፣ ማንበብን የጨዋታ ቁልፍ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠለፋ

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድ ቃል ቀድሞ ይዟል፤ ቃሉ «መጥለፍ» ነው። ዛሬ በከተማ ጠላፊ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የሰው ኮምፒዩተር ሰብሮ የሚገባው ነው። የቆቦ ገበሬ ግን ጎርፍ ይጠልፋል። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ውኃ በጎሊናና በመሳሰሉት ወንዞች አልፎ ወደ ሜዳው ሲፈስ፣ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ከልሎ ወደ ማሳው ይመራዋል። ውኃው የማንም አይደለም፤ ያለ ልክ ከመጣ ሰብሉን ጠርጎ የዞብል ተራሮች ሥር ያደርሰዋል፤ በልኩ ከተጠለፈ ማሽላ ይሆናል። የላይኛው ገበሬ ማሳው ሲጠጣ መክፈቻውን ካልዘጋ የታችኛው ይደርቃል። እንግዲህ በዚህም ቢሆን ጥበቡ ያለው መጥለፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ መልቀቁም ላይ ነው።

አንድ ቃል ወንጀልንም ግብርናንም መያዙ የቋንቋ ድህነት አይደለም። ቋንቋው አንድን እጅ በሁለት ሥራ ላይ አይቶታል ማለት ነው። «ኤግዛፓንክስ» በብዙ መቶ መሥመር ኮድ የደረሰበትን ሐሳብ አማርኛ በአንድ ግሥ ይዞት ቆይቷል።

የሥራው ጉድለት

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ግን ጉድለቱን መሸፈን ሂስ አይሆንም። እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ሲፈታ ጨዋታው በሦስት ሚዛን ይመዝነዋል፤ ስንት ቅጽበት ፈጀ፣ ስንት መሥመር ተጻፈ፣ ስንት ጊዜ ተሻገረ ወይም ገደለ። ከዚያም የተጫዋቹን ውጤት በዓለም ዙሪያ ካሉ ተጫዋቾች ውጤት ጋር አወዳድሮ በሥዕል ያሳየዋል። የገዛ ልቡን ያዳነበትም ፒሳ የሰረቀበትም ሥራ የሚለካው በዚሁ ሚዛን ነው። ለማን የሚል መለኪያ የለም።

«ይህ ቅዝቃዜ ታስቦ የተደረገ ስላቅ ነው፤ የማሽን ዓለም ሰውን እንዲህ ይመዝነዋልና» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ስላቅ ስላቅ የሚሆነው ተመልካቹ ሲነቃበት ነው። እዚህ ተጫዋቹ ሁለት መሥመር ቀንሶ ከሌሎች ለመብለጥ ሌሊቱን ሲያነጋ የሚታገለው ለሚዛኑ እንጂ በሚዛኑ ላይ አይደለም። ጨዋታው በታሪኩ የተናገረውን በሽልማቱ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ብቸኝነቱ ነው። ሕመምተኛው በጨለማ ክፍል ብቻውን ይታገላል፤ ጎረቤት የለውም። አቀንጭራ ግን ብቻውን የሚታገል ሰው እንደማይበቃው ገበሬው ያውቃል። አንዱ ገበሬ ነቅሎ ጎረቤቱ ዘር እንዲያፈራ ከተወው፣ ነፋስና ጎርፍ ዘሩን መልሰው ያመጡታል። ስለዚህ አበባው ዘር ሳይቋጥር ማሳ ለማሳ በወንፈልና በደቦ መንቀል ያስፈልጋል። ጥበቃ የጋራ ሥራ መሆኑን «ኤግዛፓንክስ» አልደረሰበትም።

ምሳሌው ሲሳሳት

የጠላትና የጠባቂ ምሳሌ ከጨዋታም አልፎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ቆቦ ይህን ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ጦርነት በከተማዋና በዙሪያዋ አልፏል፤ ሰላማውያን ሰዎችም አልቀዋል። በዚያ ዘመን ሰውን አረም፣ ሰውን ነቀርሳ ብሎ መጥራት በአደባባይ ተሰምቷል። አረም ይነቀላል፤ ነቀርሳ ይቆረጣል። ሰው በዚህ ስም ከተጠራ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ቫይረስን ወይም ጥገኛን ገጸ ባሕርይ አድርጎ የሚሠራ ደራሲ ከባድ ኃላፊነት አለበት። ምሳሌው ለፕሮግራምና ለአቀንጭራ ይገባል፤ ለሰው ፈጽሞ አይገባም። «ኤግዛፓንክስ» በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው። በደዌ የተያዘው ሰው ደዌው ራሱ ነህ አልተባለም፤ መድኃኒት የተነፈገው ሰው ሆኖ ቀርቧል። ጥላቻ የሚሰብከውን የማማ ጨዋታ ከዚህ ጨዋታ የሚለየው ትልቁ ግንብ ይህ ነው።

ለአገር ጸሐፍት የሚቀረው ሥራ

«ኤግዛፓንክስ» በስልክ ሳይሆን በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። የቆቦ ልጅ ያለው ደግሞ፣ ካለው፣ ስልክ ነው። ታዲያ ለዚህ ልጅ ምን ይቀርብለታል?

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ታሪክ ነው። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ጅማሮዎች ናቸው፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም። በ«ኩኩሉ» መልኩ የአገር ነው፤ የሩጫው ሕግ ግን በዓለም ገበያ የሞላው ዓይነት ነው። በገበጣ ሕጉ ራሱ የአገር ነው። ለጥበብ የሚበልጠው ሁለተኛው መንገድ ነው። ባዕድ ሕግ የአገር ልብስ ስለ ለበሰ ብቻ የአገር ሐሳብ አይናገርም።

የራያ ምድር ደግሞ ማንም ገና ያልነካው ሕግ ይዟል። ማሽላ አፈሩ ሲደኸይ በሥሩ የሚያመነጨው ቅመም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ ዓይነቱ ቅመም ተክልን የሚረዱ ፈንገሶችን የመጥሪያ ድምፅ መሆኑን አሳዩ። አቀንጭራ የሚነቃው ይህንኑ ጥሪ ሰምቶ ነው። ለወዳጅ የተላከ ጥሪ ጠላትን ይቀሰቅሳል! ተክሉ ዝም ቢል ወዳጁን ያጣል፤ ቢጣራ ጠላቱን ያነቃል። የትኛው የተውኔት ደራሲ ከዚህ የበለጠ ቅራኔ ፈጥሮ ያውቃል?

መፍትሔዎቹም ራሳቸው የእንቆቅልሽ መልስ ይመስላሉ። እንደ ጥጥ ያለ ሰብል የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ ሥሩን ግን አያስጠባውም፤ የነቃው ዘር የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች ዋናው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ማውጣታቸው ነው፤ እነዚህ ዝርያዎች የሚያሰሙት የመቀስቀሻ ጥሪ አነስተኛ ነው። ለኢትዮጵያ ገበሬ ከቀረቡት መካከል አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላል። ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል የምትገኝ ከተማም ስም ነው፤ አብሽር በወሎ አነጋገር አይዞህ ማለት ነው። ጥይት የለም፤ ቀንድ ያለው ጭራቅ የለም። ጥሪን መመጠን፣ ጠላትን በከንቱ ማስነሣት፣ ከጎረቤት ጋር አብሮ መንቀል ብቻ ነው ያለው።

ከዚህ ሕግ የሚሠራ ጨዋታ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ኮድ የሚጽፍ ወጣት፣ አዝመራውን የሚያውቅ ገበሬ፣ ቃሉን የሚመርጥ ጸሐፊ። ሦስቱ እስካሁን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙም አልተገናኙም። የኪነ ጥበብ ማኅበራት ውድድር ሲያወጡ ለግጥምና ለአጭር ልብ ወለድ የሚሰጡትን ቦታ ለጨዋታ ድርሰትም ቢሰጡ፣ ጸሐፍትም ይህን ሥራ የሕፃን ጉዳይ ብለው ባይንቁት ግንኙነቱ ሊጀመር ይችላል።

«ኤግዛፓንክስ» ታላቅ ሥራ ነው ለማለት ሚዛኑ ይከለክላል፤ እውነተኛ ሥራ ነው ለማለት ግን ሕጉ ያስገድዳል። ጠባቂ መቼ እንደሚያቆም ማወቅ እንዳለበት አስተምሯል። ለማን እንደሚጠብቅ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ትቶታል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ማሽላውን በጋራ ጠብቆ በጋራ ከሚያጭድ ሕዝብ ዘንድ ነው፤ መልሱን ወደ ጨዋታ ሕግ የሚለውጠው ጸሐፊ ግን ገና አልተነሣም።